እማዬና አባባ ከጎንደር ሊመጡ ነው፤ እኔ ያለሁት 14 ካሬ ክፍል ውስጥ

የማራኪ ልጅ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ሰላም የጎንደር ልጆች። እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ።

ጀርመን አገር ማርቡርግ የምትባል ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። የጥምቀት ዕለት ቤት ደወልኩ። እማዬና አባባ ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ታቦት ሸኝተው እየተመለሱ ነበር። እማዬ ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዞረችልኝ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ዱላ የያዙት ጎረምሶች፣ ሁሉንም አሳየችኝ። ከዚያ "አንተስ ያለህበትን መቼ ነው የምታሳየኝ?" አለችኝ። ሳላስበው "ክረምት ላይ ኑዋ!" አልኩ።

በቃ። አባባ ማታውኑ ፓስፖርታቸውን አውጥተው የሚያልቅበትን ቀን አይተዋል። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ደስ ብሎኛል፤ ግን ጨንቆኛል። የምኖረው 14 ካሬ የተማሪ ክፍል ውስጥ ነው። ማድ ቤቱን ለሰባት ነው የምንጋራው። ለኑሮዬ ተብሎ ቀድሞ በዝግ አካውንት (በየወሩ እየተቆረጠ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ከገባው ብር በወር የሚለቀቅልኝ 992 ዩሮ ነው። እማዬ ስኳር አለባት። አባባ 69 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ይህች ከተማ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ናት።

ሌላም አለ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ይህን ቤት አልተናገርኩም። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። "ልጄ ጀርመን ይማራል" ሲሉ ደረታቸው ሲሰፋ አይቻለሁ። በስልክ ሁሌም "ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው፣ ቤቱም ጥሩ ነው" ነው የምለው።

ወላጆቻችሁን ያስመጣችሁ እስቲ ምከሩኝ። ከየት ልጀምር? ዋስትናውስ? የትስ ላስተኛቸው?


ከአዘዞ፣ ጥር 14 ቀን 2017

እንኳን አብሮ አደረሰን ወንድሜ። እኔ ሽቱትጋርት ነኝ። እናትና አባቴን አምና አስመጥቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል። ስለዚህ አሁኑኑ ጀምር። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ላይ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ አሰጣጡን አጥብቋል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል፤ አንዴ ገብቶ አንዴ መውጣት ነው። ክፍያው ከሰኔ 2016 ጀምሮ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ሆኗል። ቢበዛ የሚቆዩት በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። አሻራ ስለሚሰጡ ሁለቱም አዲስ አበባ መሄዳቸው አይቀርም። እንደ አሁኑ ሁኔታ ደግሞ በመኪና አይሞከርምና የአዘዞ አውሮፕላን ትኬት ደርሶ መልስ በወጪህ ላይ ደምር።

ዋስትናው ፌርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይባላል። አትደንግጥ፣ ስሙ ነው የረዘመው። የምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርበህ "የእንግዶቼን ወጪ እኔ እችላለሁ" ብለህ የምትፈርመው ወረቀት ነው። ለአንድ ሰው 29 ዩሮ ነው። ችግሩ ገቢህን ያያሉ። የዝግ አካውንትህ ገንዘብ ለራስህ ኑሮ ብቻ የተያዘ ስለሆነ በእሱ መዋስ ይከብዳል። ደህና ደመወዝ ያለው ዘመድ ካለህ እሱ ይፈርምልህ። ግን ምን ላይ እንደሚፈርም በደንብ አስረዳው። እንግዳው ታሞ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነው ወጪ ቢመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ግዴታው እስከ 5 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። እንዲሁ በዝምድና "እሺ በቃ፣ እፈርማለሁ" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እኛን ያሠቃየን የስም ጉዳይ ነው። እናቴ በመታወቂያዋ ላይ ሌላ፣ በፓስፖርቷ ላይ ሌላ፣ በእኔ የልደት ሰርተፊኬት ላይ ደግሞ ሰፈሩ የሚጠራት ስም ነበር። ሦስት እናት ያለኝ አስመሰለው። በዚያ ላይ እኛ አገር ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። ይህን የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ሲያይ ሁለቱ ባልና ሚስት አይመስሉትም። የጋብቻ ሰርተፊኬት ደግሞ የለም፤ በቤተ ክርስቲያን የተጋቡት ከ40 ዓመት በፊት ነው። አባቴ ምስክሮች ይዘው ሄደው ነው ያስመዘገቡት። ያ ብቻ አንድ ወር በላ። ስለዚህ ነገ ደውልና የሁሉንም ወረቀት ፎቶ ላኩልኝ በል። ፊደል በፊደል አስተያያቸው።

ትኬት ደግሞ ቪዛው ሳይመጣ እንዳትከፍል። ሪዘርቬሽን ብቻ ያዝ።


ጠዳ፣ ጥር 16 ቀን 2017

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ መከልከል ነው፤ እናቴ አንዴ ተከልክላለች።

የየትኛው አገር ኤምባሲ እንደሆነ ይቅር። ወረቀቱ "ወደ አገራቸው ለመመለስ ያላቸው ፍላጎት አጠራጣሪ ነው" ይላል። ጥፋቱ የእኔም ነበር። እናቴ ባንክ የምታስቀምጠው ገንዘብ ስላልነበራት፣ ማመልከቻው ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው 200,000 ብር አስገባሁላት። ከየት የመጣ ነው ቢባል መልስ የለውም። እንደዚህ አታድርጉ። ትንሽም ቢሆን ለወራት የገባና የወጣ ሒሳብ ይሻላል።

በሁለተኛው ዙር የቤቱን ካርታ፣ የስድስት ወር የባንክ ወረቀት፣ የአባቴን የጡረታ ደብተር (እሷ ናት የምትቀበለው) አስገባን። እኔም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት እህቶቼ ከእሷ ጋር ጎንደር እንደሚኖሩ፣ የልጅ ልጆቿን የምታሳድገው እሷ እንደሆነች፣ ለምን እንደምትመጣና መቼ እንደምትመለስ በግልጽ አስቀመጥኩ። ተሰጣት።

ግን አንድ ነገር አልረሳም። የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ በስልክ አነበብኩላት። ዝም አለች። ቆይታ "እኔን ነው እንዴ ቀጣፊ ያሉኝ?" አለች። ስለ ደንቡ ባስረዳትም አልገባትም። እሷ የገባት ቃሏን እንዳላመኗት ነው። ወላጆቻችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጇቸው። ሊከለከሉ እንደሚችሉ ንገሯቸው። ያኔ ለጎረቤቱ ሁሉ አይናገሩም፤ ቢከለከሉም አንገታቸውን አይደፉም።


የብልኮ ልጅ፣ ጥር 16 ቀን 2017

እኔ ብሪታንያ ነኝ። እዚህ የሚያመለክቱት ስታንዳርድ ቪዚተር የሚባለውን የጎብኚ ቪዛ ነው። ክፍያው በ2016 115 ፓውንድ ነበር፤ ቆይታው እስከ 6 ወር ነው። ኢንሹራንስ ግዴታ አይደለም፤ ግን ግዙ። ሆስፒታል ከተኙ ለጎብኚ የሚጠየቀው ከመደበኛው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ነው።


የማራኪ ልጅ፣ ጥር 19 ቀን 2017

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአዘዞ፣ እንዳልሽው ወረቀቶቹን አስላኩ። የእማዬ ስም በአንዱ ላይ በ"ሰ"፣ በሌላው በ"ዘ" ተጽፏል። አባባ ዛሬ ሊያስተካክሉ ሄደዋል። ፍራንክፈርት ያለው አጎቴ ደግሞ ለመፈረም ፈቃደኛ ሆኗል። አምስቱን ዓመት ነግሬው ነው።

የት ላስተኛቸው የሚለው ግን አሁንም አልተፈታልኝም። ሆቴል ልከራይላቸው? አቅሜም አይፈቅድ፤ እማዬም "ልጄ ቤት እያለው ሆቴል አሳደረኝ" የምትል ይመስለኛል።


እናት ከቁስቋም፣ ጥር 23 ቀን 2017

ልጆቼ፣ እዚህ የምትጽፉትን ልጄ አሳየችኝ። እኔም እንደናንተው ልጻፍ ብዬ ነው። ጽሑፉን የሚነካካልኝ የልጅ ልጄ ነው።

ሆላንድ አገር የምትማር ልጄ ጋ ሁለት ወር ተቀምጬ መጥቻለሁ። የማራኪው ልጅ፣ ክፍሌ ጠበበ ብለህ ተጨንቀሃል። እኛ በአንድ ክፍል ስድስት ልጅ ያሳደግን ሰዎች ነን። ጠባብ ቤት አይከፋንም። የሚከፋን ብቻችንን መቀመጥ ነው።

ልጄ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ደክማ ነው የምትመጣው። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ብስክሌት የሚነዳውን ሳይ እውላለሁ። ጎንደር ብሆን ጠዋት ቁስቋም እስማለሁ፣ ጎረቤት ቡና እጠራለሁ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። እዚያ የሚጠራኝ የለም፣ የምጠራው የለም። ቴሌቪዥኑ ያወራል፤ አይገባኝም።

አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ራሱን ቆለፈ። ስልኬ ውስጥ ቀርቷል። በነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ መጣች፣ አወራችኝ፣ እኔም አወራኋት፣ አልተግባባንም። ወንበር አውጥታ ሰጠችኝ። ውኃም ሰጠችኝ። እሷን እስካሁን በጸሎቴ አነሳታለሁ። ልጄ መጥታ ስታየኝ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቴ ላይ፣ ከማተቤ ጎን አሰረችልኝ። የቤቱን አድራሻና ስልኳንም በወረቀት ጽፋ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመረችልኝ። አንተም በመጀመሪያው ቀን ይህን አድርግ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ስጭኝ አልኳት። ሥራ ስትሰጠኝ ነው አገሩ የተሻለኝ። ዳቦ እደፋለሁ፣ ልብሷን አጣጥፋለሁ፣ ቱርኮቹ ሱቅ ብቻዬን ሄጄ ሽንኩርትና ቲማቲም እገዛለሁ። ጣቴን እቀስራለሁ፣ ሰውዬው ይመዝንልኛል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ "ማማ" እያለ ይጠራኝ ጀመር።

ስለ ሳህን ማጠቡ ደግሞ፤ ልጄ፣ እናት ታውቃለች። በስልክ ድምፅህን ስትሰማ ደክሞህ እንደሆነ ታውቃለች። የማታውቀው ምን እንዳደከመህ ነው። ስለዚህ የባሰውን ነው የምታስበው። እኔ ልጄ ታማ የደበቀችኝ መስሎኝ ስንት ሌሊት ተቀምጬ አድሬያለሁ። ስሄድ ያገኘሁት ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ነው። እውነቱን ሳየው እንቅልፍ ወሰደኝ።


ከአዘዞ፣ ጥር 23 ቀን 2017

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቴን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን እያስዋልኩ ማታ ማታ ከተማ ሳዞራት ነበር። ድካሟን እንጂ ብቸኝነቷን አላየሁም። ዛሬ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

የማራኪ ልጅ፣ ስለ ማደሪያው። ትምህርት የሚያበቃው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ለእረፍት ይሄዳል። አንዱ ጎረቤትህ ክፍሉን ለአንድ ወር ሊያከራይህ ይችላል፤ ከሆቴል በብዙ ይቀንሳል። የቤቱን ኃላፊ በጽሑፍ አስፈቅድ። ከፈተና በፊት እንዳይመጡ። ፈተና ላይ ያለ ልጅ እንግዳ አያስተናግድም።

ሌላው ሻንጣው ነው። ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማስገባት ክልክል ነው፤ ለራስ ፍጆታም ቢሆን። እናቴ ሦስት ኪሎ ንጥር ቅቤ በልብስ ጠቅልላ ይዛ መጥታ ኤርፖርት ላይ ተወሰደባት። የተነጠረው ኮሰረት፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ገብቶበት ነው። ሽታው ከሻንጣው አልጠፋም፤ እሷም እስክትመለስ ድረስ ታወራው ነበር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ግን አላስቸገረንም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ዊልቸርም ጠይቅላቸው። ነጻ ነው። "እኔ ሽባ ነኝ ወይ?" ይላሉ፤ አባቴም እንደዚያ ብለው ነበር። ግን ዊልቸር የሚገፋው ሰው ከበር እስከ በር ያደርሳቸዋል፤ የትኛው ጌት ብለው አይጠፉም። የግብዣ ደብዳቤውንና የኢንሹራንሱን ኮፒ በእጅ ቦርሳ ይያዙ እንጂ ሻንጣ ውስጥ እንዳይቀር። ፍራንክፈርት ሲደርሱ ማን ጋ እንደሚሄዱና ስንት ቀን እንደሚቆዩ ይጠየቃሉ።


ሲስተር ከአራዳ፣ ጥር 25 ቀን 2017

ጎንደር ነርስ ነኝ። ስለ እናትህ ስኳር ትንሽ ልበል።

መድኃኒቷን ለሙሉው ቆይታና ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት ትያዝ። ከነካርቶኑ ይሁን። በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ለማንም አይታወቅም። ከሐኪሟ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ትያዝ፤ የበሽታው፣ የመድኃኒቱና የመጠኑ ስም ያለበት። ኢንሱሊን ከሆነ የምትወስደው በእጅ ቦርሳ ብቻ ይሁን። ሻንጣ የሚጫንበት ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ አይሠራም። የምትለካበትን መሣሪያና ስትሪፕ አትርሳ። ኢንሹራንሱንም አንብበው። ብዙዎቹ የቆየ በሽታ መደበኛ ክትትልን አይሸፍኑም፤ ድንገተኛ ነገር ብቻ ነው።

ነሐሴ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ነው። ከመሄዷ በፊት ሐኪሟንም የንስሐ አባቷንም ታናግር። እዚያ ከሄደች በኋላ ብቻዋን ስትወስን ነው አደጋው። በክረምት እናንተ ጋ ፀሐይ ከምሽቱ 2፡30 አልፎ ነው የምትጠልቀው። ብርሃኑን አይታ "ገና ነው" እያለች ምግቧንም ክኒኗንም ታዘገያለች። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ የግድግዳ ሰዓት ስቀልላት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ይረዳል።


የማራኪ ልጅ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017

ቪዛው ተሰጠ! ሁለቱም! መጋቢት መጨረሻ ላይ ነበር ያስገቡት። የሚመጡት ሐምሌ 20 ነው። እማዬ እልል ስትል ስልኩ ጮኸ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።


ጠዳ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017

እንኳን ደስ አለህ። ለሌሎች አንድ መረጃ ላስቀምጥ። ጀርመን ቪዛ ሲከለክል ለኤምባሲው የሚጻፈው የይግባኝ ደብዳቤ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ምርጫ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማመልከቻ አሟልታችሁ አስገቡ።


የማራኪ ልጅ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017

ወላጆቼ ነሐሴ 25 ተመለሱ። ቃል እንደገባሁት ልጻፍ።

ማደሪያው እንዳላችሁት ሆነ። ከአጠገቤ ያለው ልጅ ለእረፍት ወደ አገሩ ሄዶ ክፍሉን ለአንድ ወር አከራየኝ። ያገለገለ ፍራሽም ገዛሁ፤ አባባ አልጋው ለሰለሰ ብለው ሦስት ቀን መሬት ላይ ተኝተዋልና። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰርኩ። ሰዓቱን ሰቀልኩ። እማዬ ሰዓቱን ስታይ "ማነው ይህን ያሰበ?" አለች። ሲስተር ከአራዳ፣ ያንቺን ስም ነው የነገርኳት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቡና ልትቆላ ማድ ቤት ገባች። እኔ ሻወር ላይ ነበርኩ። የጭስ ጠቋሚው ጮኸ። ከየክፍሉ ተማሪው በፒጃማ ወጣ። እማዬ መቁያውን እንደያዘች መሀል ላይ ቆማለች። የደነገጠች መሰለኝ፤ ጠጋ ስል ግን የተቆላውን ቡና ለአንዷ ልጅ እያሸተተቻት ነው። መስኮቱን ከፈትን። ከዚያ ሁሉም ቁጭ ብሎ ጠጣ፤ እስከ በረካ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ስማቸውን በደንብ የማላውቃቸው ልጆች ነበሩ። እማዬ በአምስት ሳምንት ሁሉንም በስም ትጠራቸው ነበር፤ ለሁሉም የራሷን ስም አውጥታ።

ከተማውን ብዙ አላዞርኳቸውም። በ2017 ክረምት በወር 58 ዩሮ ይከፈልበት የነበረውን የአገር አቀፍ ትኬት አወጣሁላቸው፤ በዚያች ትኬት የአካባቢ ባቡርና አውቶቡስ ሁሉ ይሄዳል። (ኮንትራት ስለሆነ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዛችሁ ለቀጣዩ ወርም ይቆርጣል። ልብ በሉ።) ወደ ላይኛው ከተማ የሚያወጣ ሊፍት አለ፤ ለአባባ ጉልበት እሱ በጀ። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው ላይ ነው። አባባ ግንቡን በእጃቸው እየነኩ ዞሩት። "የኛው ፋሲል በፈረንጆቹ 1636 ነው የጀመረው። ይሄስ?" አሉኝ። የሱን አላውቅም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በ1527 እንደተመሠረተ ነገርኳቸው። ቆም ብለው አሰሉ። "109 ዓመት" አሉ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለእማዬ ሲያስረዱ ዋሉ፤ ክፍል ውስጥ ያሉ ነበር የሚመስለው።

ከኮረብታው በታች በፈረንጆቹ ከ1235 ጀምሮ የተሠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቅድስት ኤልሳቤጥ ይባላል። እማዬ በሩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ቱሪስቱ ሁሉ በጫማው ይገባል። "እማዬ፣ እዚህ አይወለቅም" ልላት ብዬ ተውኩት። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ በካልሲዋ እስከ ውስጥ ገባች። እኔም አወለቅኩ።

ፍልሰታን በሐኪሟም በንስሐ አባቷም ፈቃድ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የጾመችው። ነሐሴ 16 ፍራንክፈርት ሄደን በአማርኛ አስቀደስን። ከቅዳሴ በኋላ ጎንደር ልደታ ያደጉ ሴትዮ አገኘች። ሁለቱ ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም፤ ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም።

ገንዘቡ ላይ አስቸግረውኛል። አባባ ዋጋ ሁሉ ወደ ብር ይመነዝራሉ። አንድ ስኒ ቡና ከ400 ብር በላይ መሆኑን ካወቁ በኋላ ካፌ አልቀመጥም አሉ። አልታገልኳቸውም። ቴርሞስ ይዘን ወንዙ ዳር እንቀመጥ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉም የተሻለ ያወራነው እዚያ ነው።

ሳህን የማጥበውን ነገር። እናት ከቁስቋም፣ የጻፉትን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። በመጀመሪያው ዓርብ "ሥራ አለኝ" ብዬ ወጣሁ። ምን ሥራ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ዓርብ እራት ላይ ነገርኳቸው። እማዬ እጄን ሳበችና አየችው። ጣቶቼ በሳሙናው ተሰነጣጥቀዋል። ምንም አላለችም፤ ተነስታ ከቦርሳዋ ቅባት አመጣችና ጣት በጣት ቀባችኝ። አባባ ግን ዝም አሉ። ዝምታቸው ከበደኝ። ቅዳሜ ሌሊት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በጓሮ በር ስወጣ መብራቱ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። መንገዱን ጠይቀው፣ አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት እያሳዩ ነው የመጡት። አብረን ወደ ቤት ሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ "እኔም መምህር ከመሆኔ በፊት ሁመራ ወርጄ የሰሊጥ አረም አርሜያለሁ። ሁለት ክረምት" አሉኝ። "ለአያትህ አልነገርኳቸውም። ዘመድ ጋ ነው ያለሁት ብዬ ነበር።"

ይህን ነግረውኝ አያውቁም። እማዬም አታውቅም ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳቸው። ሁልጊዜ የምቀመጥበትን ጠረጴዛ አሳየኋቸው፤ መስኮቱ አጠገብ ነው። አባባ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ፊት ለፊታቸው መጽሐፍ የለም፤ ጠረጴዛው ባዶ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ ተቀመጡ። እማዬ "እንሂድ እንጂ" ስትላቸው "ቆይ፣ ልጄ የሚያየውን ልየው" አሉ።


እናት ከቁስቋም፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017

ልጄ፣ አነበቡልኝ። አባትህን ሰላም በልልኝ። ቁስቋም ሲመጡ ቤቴ ቡና ይጠጡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀኛል።


ደባርቅ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ጊሰን ነኝ። እናቴ ለገና ልትመጣ ነው፤ አሻራ ሰጥታ እየጠበቀች ነው። ፍራሹ አሁንም አለህ?


የማራኪ ልጅ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017

አለ። የግድግዳ ሰዓቱም አለ፤ ሁለቱንም ውሰድ። በባቡር 20 ደቂቃ ናት፣ ቅዳሜ ና። እማዬ ጀበናውን ትታልኝ ሄዳለች፤ ቡና ጠጥተህ ትሄዳለህ። ፍራሹን ለሁለት ነው የምንሸከመው፣ ጣቢያው ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ።